ካርታው ሲቀየር ፓቪሊዮኑ ምን ይሁን?

አዲስ አበባ በሚገኘው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የተመረቀው አንድነት ፓርክ፣ ተራ ጎብኚ ከዚያ በፊት ሊረግጣቸው የማይችላቸውን የዙፋን ቤትና የግብር አዳራሽ ከመክፈቱ ሌላ፣ በወቅቱ የነበሩትን ዘጠኝ ክልሎች የሚያስተዋውቁ ፓቪሊዮኖችን ይዞ ነበር። ፓቪሊዮን የሚባለው አንድ አገር፣ ክልል ወይም ድርጅት ራሱን ለጎብኚ ለማሳየት የሚያዘጋጀው ሕንጻ ወይም የተከለለ ስፍራ ሲሆን፣ ሰው የማይኖርበት፣ ዕቃ የማይመረትበት፣ ሥራው ማሳየት ብቻ የሆነ ቤት ነው። ፓርኩ በተመረቀ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የሲዳማ ሕዝብ ራሱን የቻለ ክልል ለመሆን በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጠ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ላይም ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። ኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ ነሐሴ 2015 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ የክልሎቹ ቁጥር 12 ደረሰ፤ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የሚባለው አስተዳደርም ከካርታው ወጣ።

ፓርኩ ሲከፈት የተነሳው ክርክር በአብዛኛው በወጪውና በቅደም ተከተሉ ላይ ያተኮረ ነበር፤ አንዱ ወገን ለዘመናት የተዘጋ ግቢ ለሕዝብ መከፈቱን ሲያወድስ፣ ሌላው ወገን አገሪቱ ከዚህ የባሰ ችግር እያለባት ገንዘቡ ለዚህ መዋሉን ይጠይቅ ነበር። ሆኖም ከምረቃ በዓል በኋላ ለሚመጡት ዓመታት የበለጠ ክብደት ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ማሳያ ያሳየው የነበረው ነገር ሲለወጥ ወይም ሲጠፋ፣ ማሳያው ይፍረስ፣ ይታደስ ወይስ እንደነበረ ይቆይ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈጠረችውም፤ በዓለም ላይ ጭብጥ ያላቸው የመዝናኛ ፓርኮች፣ ማለትም በአንድ ሐሳብ ወይም ታሪክ ዙሪያ ተቀናብረው የተሠሩ የመጫወቻና የትርዒት ስፍራዎች፣ በተስፋፉባቸው አገሮች ሁሉ የፓርክ ወዳጆች ለአሥርተ ዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው።

በዚህ ክርክር ሞቅ ያለ ስፍራ ካላቸው ፓርኮች አንዱ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1982 የተከፈተው የዲዝኒ ኩባንያ ፓርክ ኤፕኮት ነው። በፓርኩ ግማሽ ክፍል፣ በአንድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ፣ ዛሬ 11 አገሮችን የሚወክሉ ፓቪሊዮኖች ተደርድረው ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ በሆነው በኖርዌይ ፓቪሊዮን ውስጥ ጎብኚዎች በጀልባ ተቀምጠው በአገሪቱ አፈ ታሪክና የባሕር ሕይወት መካከል የሚያልፉበት ትርዒት ነበር፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ትርዒት ዘግቶ፣ በ2016 በበረዶ ተረት ላይ በተመሠረተው ተወዳጅ የካርቱን ፊልሙ በፍሮዝን ተካው። ለውጡን የደገፉት ሰዎች ሕፃናት ወረፋ ይዘው የሚገቡበት ትርዒት ማንም ከማይጎበኘው ይሻላል ሲሉ፣ የተቃወሙት ደግሞ አንድን እውነተኛ አገር ለማስተዋወቅ የተሠራ ቤት ካርታ ላይ የሌለ የተረት መንግሥት ማሳያ መሆኑን አጥብቀው ነቅፈዋል። በሌላው የፍሎሪዳ የዲዝኒ ፓርክ፣ በማጂክ ኪንግደም፣ እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ የቆየ መጫወቻ ሊዘጋ ሲል ወዳጆቹ የተቃውሞ ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሰው በፓርኩ ውስጥ ተሰብስበዋል፤ መጫወቻው ግን ከመዘጋት አልዳነም።

ለውጡ ሁልጊዜ ከገበያ ብቻ የሚመነጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው ሶንግ ኦፍ ዘ ሳውዝ የተባለው ፊልም የአሜሪካን ደቡብ የእርሻ ሕይወትና የጥቁሮችን ኑሮ አሳምሮ በመሣሉ ሲወቀስ ኖሯል፤ በፊልሙ ገጸ ባሕርያት ላይ የተመሠረተው ስፕላሽ ማውንቴን የተባለው የውኃ መጫወቻም በፍሎሪዳ በ2023 ተዘግቶ፣ በ2024 በሌላ ታሪክ ተለውጦ፣ ጥቁር ልዕልት ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና ተከፍቷል። የኤፕኮት ወዳጆች ደግሞ ፈጽሞ ስላልተሠራ ፓቪሊዮን ጭምር ይከራከራሉ። ፓርኩ ሲከፈት የምድር ወገብ አፍሪካን የሚያሳይ ፓቪሊዮን እንደሚገነባ ተነግሮ ነበር፤ ቦታውን ግን እስከ ዛሬ የያዘችው አንዲት አነስተኛ የመሸጫና የማረፊያ ጎጆ ናት። ያው ኩባንያ በ1998 በከፈተው የእንስሳት ፓርክ ውስጥ አፍሪካ የተወከለችው ሃራምቤ በተባለች፣ በየትኛውም አገር በሌለች የፈጠራ መንደር መሆኑ፣ ምርጫው ምን ያህል በባለ ፓርኩ እጅ እንዳለ ያሳያል። ለጎብኚው ደስታ ሲባል ማንኛውም ነገር ሊለወጥ የሚችልበት የንግድ ፓርክ ግን ለአንድነት ፓርክ ፍጹም አቻው አይደለም፤ የክልል ፓቪሊዮን የመንግሥት አደረጃጀት ምስል ስለሆነ፣ ቅርብ አቻው የሚገኘው በኢንዶኔዥያና በሩሲያ ነው።

በጃካርታ ከተማ የሚገኘው ታማን ሚኒ ኢንዶኔዥያ ኢንዳ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1975 የተከፈተ ሲሆን፣ የሐሳቡ ባለቤት የፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ባለቤት ቲየን ሱሃርቶ ነበሩ። ግንባታው ገና ሲታቀድ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ተማሪዎች ድሃ አገር ለመናፈሻ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት የለባትም ብለው በአደባባይ ተቃውመውታል፤ የክርክሩ ይዘት በአዲስ አበባ ከተሰማው ብዙም አይርቅም። በፓርኩ ውስጥ እያንዳንዱ የአገሪቱ ክፍለ ግዛት የራሱ ግቢ ተሰጥቶት፣ በአካባቢው ልማድ የተሠሩ ቤቶችን፣ ልብሶችንና የእጅ ሥራዎችን ያሳያል። ፓርኩ ሲከፈት 26 የነበሩት ክፍለ ግዛቶች፣ ኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ቲሞርን በ1976 ስትጠቀልል 27 ሆኑ፤ ለምሥራቅ ቲሞርም እንደሌሎቹ ፓቪሊዮን ተሠራላት። ምሥራቅ ቲሞር በ1999 ሕዝበ ውሳኔ መለየትን መርጣ በ2002 ነጻ መንግሥት ስትሆን፣ ፓቪሊዮኑ በሌላ አገር ዋና ከተማ የተረፈ የቀድሞ ግዛት ቤት ሆነ። ሊፈርስ፣ በእሱም ቦታ ከ1999 በኋላ ከተፈጠሩት አዳዲስ ክፍለ ግዛቶች አንዱ ሊገባበት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ቤቱ ሳይነካ የምሥራቅ ቲሞር ሙዚየም ተብሎ እንዲቆይ ተደረገ፤ ባንተን፣ ባንግካ ቤሊቱንግና ጎሮንታሎን የመሰሉት አዳዲሶቹ ክፍለ ግዛቶች ግን ሌላ ቦታ ተፈልጎላቸዋል። በመፍትሔው ውስጥ ቅሬታ የማያጣው ሰው ይኖራል፤ በቅድሚያ የተሰለፉት ሰፋፊ ግቢ ይዘው ሳለ በኋላ የመጡት ጥግ መያዛቸው ለምን ሊያሰኝ ይችላልና።

የሞስኮው ታሪክ ከዚህ የበለጠ የተመሰቃቀለ ነው። በሶቪየት ኅብረት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 የግብርና ኤግዚቢሽን ሆኖ የተከፈተውና ከጦርነቱ በኋላ በ1954 እንደገና ተገንብቶ ሥራ የጀመረው ግዙፍ የኤግዚቢሽን ስፍራ፣ በኋላ ቬዴንኻ በሚል አጭር ስሙ የታወቀው፣ ለሪፐብሊኮቹ እንደየባህላቸው ያጌጡ ፓቪሊዮኖች ነበሩት። በ1960ዎቹ ውስጥ መንግሥት አገሪቱ በሕዝቦቿ ልዩነት ሳይሆን በኢንዱስትሪዋ እንድትታይ በመፈለጉ፣ የሪፐብሊኮቹ ፓቪሊዮኖች የሥራ ዘርፎች ማሳያ ሆኑ፤ የዩክሬን ፓቪሊዮን የእርሻ፣ የአዘርባጃን ደግሞ የሒሳብ ማሽን ቤት ተባለ፤ የአዘርባጃኑ ጌጠኛ ግንብም በዘመናዊ የብረት ሽፋን ተሸፈነ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ከፈረሰች በኋላ አዳራሾቹ የሱቅ መደዳ ሆኑ፤ ከ2014 ጀምሮ በተካሄደው እድሳት የብረቱ ሽፋን ሲነሳ፣ የቀድሞው የአዘርባጃን ጌጥ ከሥሩ ወጣ። በዚሁ ስፍራ መካከል የሕዝቦች ወዳጅነት የተባለ ምንጭ አለ፤ በዙሪያው በወርቅ ቀለም የተለበጡ 16 የሴት ሐውልቶች ቆመዋል። ምንጩ በ1954 ሲሠራ ሪፐብሊኮቹ 16 ነበሩ፤ የካሬሊያና የፊንላንድ ሪፐብሊክ በ1956 ከሪፐብሊክነት ዝቅ ሲደረግ 15 ብቻ ቀሩ፤ ሐውልቶቹ ግን ከዚያ ወዲህም 16 ናቸው። አሥራ ስድስተኛዋን የማንሳቱ ሥራ ለአንድ ክሬን የግማሽ ቀን ጉዳይ እንደነበረ ሲታሰብ፣ በቦታዋ መቆየቷ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል።

ኢትዮጵያም የፓቪሊዮን ባለቤት መሆን የጀመረችው በአንድነት ፓርክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በካናዳ ሞንትሪያል በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ በንጉሣዊ ድንኳን ቅርጽ የተሠራ የራሷን ፓቪሊዮን አቁማለች፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ኤግዚቢሽኑን ጎብኝተዋል። ከጥቅምት 2021 እስከ መጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የዱባይ ኤግዚቢሽን ደግሞ የሉሲን ቅጂና የቡና ሥርዓትን ይዛ ቀርባለች። የዓለም ኤግዚቢሽን ከስድስት ወር የማይበልጥ ዕድሜ ስላለው ፓቪሊዮኖቹ ከመጀመሪያውም የሚፈርሱ ተብለው ይሠራሉ፤ ይሁንና ከሞንትሪያሉ ኤግዚቢሽን የዩጎዝላቪያና የቼኮዝሎቫኪያ ፓቪሊዮኖች ተነቅለው ወደ ካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ተወስደው፣ አንዱ የመርከበኞች ሙዚየም፣ ሌላው የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆነዋል። ቤቶቹ ያስተዋወቋቸው ሁለቱም አገሮች ዛሬ የሉም።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች ጋር ሲታይ የአንድነት ፓርክ የክልል ማሳያዎች ጥያቄ እንደሚመስለው ውስብስብ አይደለም። ሁሉንም አፍርሶ በ12 ክልሎች ልክ እንደገና መሥራት ለአንድ ሰሞን ንጹሕ መልክ ይሰጣል፤ ካርታው እንደገና ቢቀየር ግን ሥራው ከዜሮ ይጀምራል፤ የኢትዮጵያ የአስተዳደር ካርታም በንጉሡ ዘመን ከነበሩት ጠቅላይ ግዛቶች በደርግ ወደ ክፍለ ሀገሮች፣ በደርግ መጨረሻ ወደ ራስ ገዞች፣ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ወደ ክልሎች የተለወጠ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ አይቀየርም ብሎ ግንብ ማቆም ያለፈውን ስልሳ ዓመት መርሳት ነው። ለአዳዲሶቹ ክልሎች ቦታ መጨመር የግድ ነው፤ ቀድሞ ለደቡብ የተሠራው ማሳያ ግን የተሠራበት ዓመት ተጽፎበት፣ በአንድ ወቅት ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች በአንድ ክልል ሥር የነበሩበትን ዘመን የሚያስረዳ ክፍል ሆኖ ቢቆይ፣ ለወላይታው፣ ለጉራጌው፣ ለከፋውና ለሲዳማው ጎብኚ የራሱ የቅርብ ታሪክ ይሆንለታል። ይህ አስተያየት ለሁሉም አይዋጥም፤ ከዚያ አደረጃጀት ለመውጣት ረጅም ዓመት የታገለ ሰው፣ የተለየውን ቤት እንደገና በፓርክ ውስጥ ሲያገኘው ደስ ላይለው ይችላል። ደስ አለማሰኘቱ ግን ማሳያውን ለማፍረስ በቂ ምክንያት አይሆንም።

በአንድነት ፓርክ ዙሪያ በሚደረገው ወግ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም በፓቪሊዮኑና በጥንታዊው ቤት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በአንድ ጊዜ እስከ 8,000 ሰው ያስተናግድ እንደነበር የሚነገርለት የግብር አዳራሽ፣ ለማሳያ ታስቦ አልተሠራም፤ ሥጋ የተቆረጠበት፣ ጠጅ የተቀዳበት፣ ሹመት የተሰጠበት ቤት ነው፤ በግቢው የሚገኘው ምድር ቤትም ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የንጉሡ ሹማምንት የታሰሩበት ነው። የክልል ማሳያ ሲያረጅ ምንጣፉ ይቀየራል፣ ሥዕሉ ይነሳል፣ አዲስ ይሰቀላል፤ የምድር ቤቱን ግድግዳ ለጎብኚ ዓይን እንዲያምር መለሰን ግን የተፈጸመውን ነገር ከማስረጃው ጋር መሸፈን ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ትኬት የሚጎበኙ መሆናቸው ለአስተዳዳሪውም ለጎብኚውም አንድ ዓይነት አስመስሏቸዋል፤ አደጋውም ጥንታዊው ቤት እንደ ፓቪሊዮን በየጊዜው ሊታደስ፣ ፓቪሊዮኑ ደግሞ እንደ ቅርስ አይነኬ ሊሆን መቻሉ ነው።

ይህ ልዩነት ከየትም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በጎንደር ነው። ከዐፄ ፋሲል በፊት የነበሩት ነገሥታት በአብዛኛው በድንኳን ከተማ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ኖረዋል፤ ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ቋሚ መናገሻ አድርገው ግንባቸውን ካሠሩ በኋላ ግን ተከታዮቻቸው በዚያው ግቢ ውስጥ ሰነበቱ። የሚገርመው የሰነበቱበት መንገድ ነው። ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ሣልሳዊ ዳዊት፣ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ሁሉ የራሳቸውን ሕንጻ ሲያሠሩ የቀዳሚያቸውን አላፈረሱም፤ ከጎኑ ሌላ አቆሙ እንጂ። የኢያሱ ግንብ ዛሬ ጣሪያ አልባ ሆኖ የሚታየው ተተኪዎቹ ስላፈረሱት ሳይሆን በመሬት መንቀጥቀጥና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በወደቀ ቦምብ ነው። በዙፋን ሽኩቻቸው ርኅራኄ የማያውቁ ነገሥታት በግንብ ላይ ይህን ያህል ቁጥብ መሆናቸው፣ የፓርክ ዕቅድ ለሚያወጣ የዛሬ ባለሥልጣን የአገር ውስጥ አርአያ ሊሆነው ይችላል፤ ለአዲስ ማሳያ አሮጌውን ማንሳት የግድ እንዳልሆነ ከጃካርታ በፊት ያሳየችው ጎንደር ናትና።

ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከዚያ በፊት ግን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲጠግኑት ለጥንታዊው ግንብ የማይስማማ ሲሚንቶ ተጠቅመው ስለነበር፣ የኋለኛው ጥገና ትልቅ ድርሻ ያንን እያስወገዱ በኖራ መተካት ሆኖ ቆይቷል። ኖራ ግድግዳው እርጥበቱን እንዲተነፍስ ሲያስችለው፣ ሲሚንቶ ግን ውኃውን ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ይሰብራል። በቅርብ ዓመታት በተካሄደው ሰፊ እድሳት ላይ የሚነሳው ክርክርም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ አንዳንዱ ግንቡ ከክረምት ዝናብ መጠበቁን ሲያስቀድም፣ ሌላው ዓይኑ የለመደው ጠቆር ያለ አሮጌ ድንጋይ መልኩን እንዳያጣ ይሰጋል። ሁለቱም ስሜቶች ተገቢ ናቸው፤ የመጨረሻው መለኪያ ግን የጎብኚ ዓይን ሳይሆን የቁሳቁሱ ጠባይ ሊሆን ይገባዋል። ቱሪስትን ለማስደሰት የሚደረግ ችኮላ የሚያስከትለውን ጎንደር በመራራ ሁኔታ አይታዋለች፤ ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በተመዘገበ በወሩ፣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዐፄ ፋሲል መዋኛ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የመዋኛው የድንጋይ አጥር ከሥሩ የበቀሉትን የዋርካ ሥሮች ተሸክሞ ለዘመናት ቆሟል፤ የወደቀው ለማሳየት ተብሎ በጥድፊያ የቆመው ነው።

ወደ ክልል ፓቪሊዮን ስንመለስ፣ ከቁጥሩ ሌላ የምርጫ ጥያቄ ይነሳል። የአማራ ክልልን በአንድ ማሳያ ስፋት ላስተዋውቅ የሚል ማንኛውም አዘጋጅ ላሊበላን፣ የፋሲል ግንብን፣ ጣናንና የሰሜን ተራሮችን አስቀድሞ ማሰቡ አይቀርም፤ እነዚህ የሚገባቸው ናቸው፤ ከቀን መቁጠሪያ ጀምሮ በየቦታው ስለሚታዩ ግን ጎብኚው ከማሳያው የሚያገኘው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ከጎንደር ተነስቶ በሰሜን ምዕራብ ወደ ሁመራ በሚያወጣው መንገድ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሲጀምር የሚያገኛት የታች አርማጭሆ ዋና ከተማ ሳንጃ፣ በእንዲህ ያለ ማሳያ ውስጥ ቦታ ትኖራታለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ግንብ የላትም፣ ፏፏቴ የላትም፤ ሙቀቷ ለጎብኚ የሚመች አይደለም። ነገር ግን የቆላው ሰሊጥ፣ እሱን ለማጨድ በመስከረምና በጥቅምት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ የደጋውና የቆላው ሰዎች በአጨዳ ወቅት የሚገናኙበት ኑሮ፣ ከክልሉ ሕይወት ትልቅ ክፍል ነው።

ሰሊጥ ፍሬው ሲደርስ ቆባው በራሱ ስለሚከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ስለሚረግፍ፣ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በእጅ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ሂላ በሚባለው ክምር ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ከዚያም ነዶው ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ይህን ለአዲስ አበባ ልጅ ለማሳየት ውድ ሕንጻ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በየክልሉ ፓቪሊዮን ውስጥ ቋሚ ያልሆነ፣ ወረዳዎች በተራ የሚገቡበት አንድ ክፍል ነው፤ በአንዱ ዓመት ሳንጃ፣ በሌላው ደባርቅ ወይም ቋራ ይዞት የሚመጣው። ሂላ በአንድ የአጨዳ ወቅት የሚቆምና የሚፈርስ ነገር ስለሆነ፣ ማሳያውም በየዓመቱ አዲስ ነዶ ይፈልጋል፤ ነዶውን ከቆላ የሚያመጣው፣ የሚያስረው፣ ቆሞም ለጎብኚ የሚያስረዳው ገበሬ የመንገድና የውሎ አበል ይፈልጋል። የፓርኮች በጀት ግን በልማድ አንድ ጊዜ በግንባታ ላይ የሚፈስስ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚሆነው ገንዘብ ከዓመታዊው የሥራ ማስኬጃ ውስጥ፣ ከጽዳትና ከጥበቃ ጎን፣ በራሱ መደብ መያዝ ይኖርበታል።